ዴመን ስሌየር፦ ለጠላቱ «ነፍስ ይማር» የሚል ሰይፈኛ

[ምስል፦ ሌሊት፣ ጫካ። ገላው በእጆች የተሸፈነ ግዙፍ ጋኔን አንገቱ ተቆርጦ እንደ አመድ እየተበተነ ነው።]

ይህ ጋኔን «ዴመን ስሌየር» በተባለው አኒሜ (የጃፓን የሥዕል ፊልም) የዋናውን ገጸ ባሕርይ የታንጂሮን መምህር ደቀ መዛሙርት አንድ በአንድ እየጠበቀ ሲበላ የኖረ ነው። ታንጂሮ አንገቱን ቆርጦ የሟቾቹን ደም መልሷል። በሌላ የውጊያ አኒሜ እዚህ ላይ የድል ሙዚቃ ይነሳ ነበር። ታንጂሮ ግን ዞር ብሎ እየጠፋ ያለውን የጋኔኑን እጅ ይይዛል። ጋኔኑ ሰው ሳለ ትንሽ ልጅ ነበር፤ በመጨረሻዋ ሰዓት የታላቅ ወንድሙን እጅ ይፈልጋል።

እኛ የክፉ ሰው ሞት ስንሰማም «ነፍስ ይማር» እንላለን። ይህን ተከታታይ የወደድኩት በዚህ በአራተኛው ክፍል ነው፤ ሰይፈኛው ለገደለው ሲጸልይ ሳይ። ዛሬ ጥንካሬውንም ድክመቱንም ስመዝን መለኪያዬ ይኸው ትዕይንት ነው።

[ምስል፦ በረዶ የሸፈነው ተራራ። ከሰል የተሸከመ ልጅ ቁልቁል ሲወርድ።]

ላላያችሁት ባጭሩ። ዘመኑ የጃፓን የታይሾ ዘመን ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1912 እስከ 1926። ከሰል ሻጩ ታንጂሮ ካማዶ ከገበያ ሲመለስ ቤተሰቡ አልቆ ያገኘዋል። በሕይወት የተረፈችው እህቱ ኔዙኮ ደግሞ ጋኔን ሆናለች። እሷን ወደ ሰውነት ለመመለስ ሰይፍ ያነሳል። ጎቶጌ ኮዮሃሩ ታሪኩን በሳምንታዊ የማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) መጽሔት ከ2016 እስከ 2020 አሳትመውታል፤ በ23 ቅጽም ተጠናቋል። ዩፎቴብል የተባለው ስቱዲዮ አኒሜውን በሚያዝያ 2019 ማሳየት ጀመረ። በጥቅምት 2020 የወጣው፣ ታሪኩ በባቡር ላይ የሚካሄደው ፊልም በጃፓን ሲኒማ ቤቶች ከ40 ቢሊዮን የን በላይ በማስገባት የአገሪቱን የገቢ ክብረ ወሰን ሰበረ።

[ምስል፦ ሰይፉ ሲወዛወዝ የሚከተለው ሰማያዊ ማዕበል።]

ይህን ውሃ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። በወፍራም ጥቁር መስመር የተከበበ፣ ጫፉ ላይ ነጭ አረፋ ያለው ማዕበል ነው፤ የጥንቱን የጃፓን የእንጨት ኅትመት ሥዕል የሚመስል። ከሰይፉ የሚፈስ እውነተኛ ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ የሰይፉን ስልት ለዓይን የሚያሳይ ሥዕል ነው። ማንጋው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ውጊያዎቹ አንዳንድ ጊዜ ማን የት እንደቆመ እስኪጠፋ ይደባለቃሉ። ስቱዲዮው በእጅ የተሳለውን ከኮምፒውተር ምስል ጋር አዋህዶ ካሜራውን በተዋጊዎቹ ዙሪያ ሲያዞረው ግን እያንዳንዱ እርምጃ ይነበባል። የ19ኛው ክፍል ፍጻሜ የዚህ ሁሉ ጫፍ ነው። ውሃው ወደ እሳት ይለወጣል፤ የሙዚቃ ደራሲው የጎ ሺና ዜማ ውጊያው ሳያበቃ ይገባል፤ ታንጂሮ በሸረሪቱ ተራራ ጌታ በሩይ ክሮች መሀል እየሰነጠቀ ያልፋል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አሁንም ትንፋሼን ያቆመዋል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው?

[ምስል፦ በከበሮ ምት ወለሉና ጣሪያው የሚገላበጥ ቤት።]

ችግሩ ሥዕሉ የተናገረውን አፍ መልሶ መናገሩ ነው። በ12ኛው ክፍል ታንጂሮ አጥንቱ ተሰብሮ በሚሽከረከር ቤት ውስጥ ይዋጋል። ፊቱ ላይ ሕመሙ ይታያል፤ እግሩ ሲያመነታ ይታያል። እሱ ግን በልቡ ያወራል፤ እንደታመመ ይነግረናል፣ ራሱን ያበረታታል፣ የበኩር ልጅ ስለሆነ እንደቻለው፣ ሁለተኛ ልጅ ቢሆን ግን እንደማይችለው ያስረዳናል። በሌሎቹ ውጊያዎችም ጠላቱ ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳደረገ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እየተነተነ ይጓዛል። በወረቀት ላይ ይህ ያስኬዳል፤ የቆመ ሥዕል እንቅስቃሴውን የሚሞላለት ቃል ይፈልጋል። በአኒሜው ግን እንቅስቃሴው አለ። ስቱዲዮው ለማንጋው ካለው ታማኝነት የተነሳ ቃሉንም አልጣለም፤ እናም በዓለም ደረጃ የተሠራ ውጊያ መሀሉ ላይ ይቆምና ማብራሪያ ይሰጠናል።

በዚሁ ቤት፣ በቀጣዩ ክፍል ደግሞ ከሁሉ የምወደው ውጊያ አለ። ከ19ኛው ክፍል እንኳ አስበልጠዋለሁ። ባለ ከበሮው ጋኔን ክዮጋይ በአንድ ወቅት ይጽፍ ነበር። ጽሑፉን ያናናቁበት፣ ወረቀቱን በእግር የረገጡበት ሰው ነበር። ውጊያው ሲፋፋም ያ የድሮ ጽሑፍ ወለሉ ላይ ይበተናል። ታንጂሮ ሞት ከፊቱ ቆሞ እግሩን ያነሳል፤ ወረቀቱን ላለመርገጥ። በዚያች ቅጽበት ሰውነቱ ቁስሉን ሳያሳምም የሚራመድበትን መንገድ ያገኛል፤ ያሸነፈውም በእሱ ነው። ክዮጋይ እያለቀሰ ይሞታል፤ አንድ ሰው ሥራውን አልረገጠበትምና።

እዚህ ርኅራኄውና ውጊያው አንድ ነገር ሆነዋል። ብዙ ተከታታዮች ጀግናው ደግ መሆኑን በንግግር ያሳዩናል፤ እዚህ ደግነቱ እግሩ ላይ ነው።

[ምስል፦ የተለያዩ አጋንንት ፊቶች፣ አንገታቸው ከተቆረጠ በኋላ።]

ታሪኩ ሲገፋ ግን ይህ ውህደት ይላላል። ጋኔኑ ይመጣል፣ ይገድላል፣ አንገቱ ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ልጅነቱ፣ ድህነቱ፣ የሞቱበት ዘመዶቹ ይተረካሉ። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ ግን ዘግይቶ ይመጣል፣ ሁልጊዜም በዚያው ሰዓት። ከአምስተኛው ጋኔን በኋላ ተመልካቹ አንገት ሲቆረጥ ትዝታው እስኪጀምር መጠበቅ ይለምዳል፤ የለመደ ዓይን ደግሞ እንባው ይርቃል። በ2025 በወጣው የ155 ደቂቃ ፊልም የጋኔኑ የአካዛ የሕይወት ታሪክ ለብቻው ልብ የሚሰብር ነው። የውጊያውን ግለት ከመሀል መቁረጡ ግን ሁለቱንም ጎድቷል ብዬ አምናለሁ።

በዮሺዋራ የመዝናኛ ሰፈር የሚገኙት ወንድምና እህት አጋንንት፣ ግዩታሮና ዳኪ፣ ይህን ችግር ያመለጡት ታሪካቸው ስላጠረ አይደለም። አንዱ ለሌላው ሲቆጣ፣ ሲከላከል፣ ሲሳደብ ውጊያው ሁሉ ላይ አይተናቸዋል። የሁለቱም አንገት ካልተቆረጠ አንዱም አይሞትም፤ የውጊያው ሕግ ራሱ ወንድማማችነታቸው ነው። ከፊታቸው ደግሞ ጋኔን የሆነች እህቱን የያዘ ሌላ ወንድም ቆሟል። ስለዚህ ትዝታቸው ሲመጣ ግማሹን አስቀድመን አውቀነዋል።

ሌሎቹን ቅሬታዎቼን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። የታንጂሮ ፈሪ ጓደኛ የዜኒትሱ ጩኸት መጀመሪያ ላይ ያስቃል፤ በ11ኛው ክፍል አንዲትን ልጅ አግቢኝ ብሎ መንገድ ላይ ሲጨቀጭቃት ግን ጨዋታው ለዛውን ያጣል። ኔዙኮ በቀርከሃ የታፈነ አፏ ሳይናገር ብዙ የምትገልጽ ድንቅ ገጸ ባሕርይ ሆና ሳለ፣ በረጅሙ መንገድ በሳጥን ውስጥ ተሸካሚ ዕቃ ሆና ትቀራለች። የ2024ቱ የሥልጠና ታሪክ በማንጋው ጥቂት ምዕራፎች የነበረውን ወደ 8 ክፍሎች ለጥጦታል። የሚታደገው ፍጻሜው ነው፤ የአጋንንቱ አለቃ ሙዛን ብቻውን፣ ያለ ምንም ጥድፊያ፣ ወደ ጠላቱ ግቢ የሚገባበት።

[ምስል፦ ሩይ ከሞተ በኋላ መሬት ላይ የቀረው ነጭ ልብስ። የታንጂሮ እጅ ላዩ ላይ።]

ልትጀምሩት ካሰባችሁ 13ኛው ክፍል እስክትደርሱ አታቋርጡ። 19ኛው ላይ ስትደርሱ መብራቱን አጥፍታችሁ ድምፁን ከፍ አድርጉ፤ 20ኛውንና 21ኛውን ሳታዩ ግን አትተኙ። እዚያ ላይ ታንጂሮ ቆሞ መራመድ አይችልም፤ እጁን ግን በዚያ ባዶ ልብስ ላይ አሳርፏል።