መሰላሉና ቁልፉ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። አንድ የከነከነኝን ነገር ላጫውታችሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ቤቴ መጣ። ሠዓሊ ነው፤ ገና ሃያ ዓመቱ። በፌስታል ቡና ይዟል፤ ኪሎ ይሆናል። ግባ ብለው እምቢ አለ። በሩ ላይ እንደቆመ «ጋሼ፣ ሥዕሌን ያስገቡልኝ። ሁሉም ነገር በእርስዎ እጅ ነው ይላሉ» አለኝ። ቡናውን ሲዘረጋልኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ክው አልኩ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ በየዓመቱ ለጥምቀት ሰሞን የሥዕል ዐውደ ርዕይ እናዘጋጃለን። ሥዕል የሚመርጡት አምስት ሰዎች ናቸው፤ በየዓመቱ ይቀያየራሉ። እኔ አንድም ጊዜ ከአምስቱ አንዱ ሆኜ አላውቅም። የእኔ ሥራ ሥዕል መስቀል ነው። የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ መሰላሉም የእኔ ነው። እዚያ ላይ ወጥቼ ስሰቅል፣ ሳወርድ፣ ሳቃና ሰው ያየኛል።

ወሬው ከየት እንደተነሳ አሁን ገብቶኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት በሩ አጠገብ የተሰቀለ አንድ ሥዕል አንስቼ ወደ ውስጥ ወሰድኩት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት እየገባች በቀጥታ ታርፍበት ነበር፤ ቀለሙ እንዳይጎዳ ብዬ ነው። ባለቤቱ ግን ሆን ብዬ ከፊት ወደ ኋላ የገፋሁት መሰለው። አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም፤ ይሄ የእኔ ጥፋት ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል፤ እዚህ ግን ወሬ ላይ ወሬ ተጨመረ። «አነሳው» የተባለው «ጣለው» ሆነ። ቀጥሎ «እሱ ካልወደደህ አትሰቀልም» ተባለ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያሉ ጋለሪዎችም እኔን ሳይጠይቁ አይገዙም ተብሎ ዐረፈው።

ተሰሚነት ምን እንደሆነ የጎንደር ሰው ያውቃል። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ግቡ። እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእሳቸው ጊዜ፣ የጎንደር አሳሳል ራሱ ተለወጠ። ድሮ ዝርግ የነበረው ፊት ጥላና ብርሃን ያዘ፤ ጉንጩ ሞላ። ያ ነው ተሰሚነት። እኔ ያለኝ መሰላልና ቁልፍ ነው።

ስሜ በክፉ ሲነሳ ይከፋኛል፤ ግን ያልፋል። ልጁ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሥዕል ሳያስገባ ቆይቷል። ለምን ስለው «ሰው የለኝማ» አለኝ። ሁለት ዓመት! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ቤቱ ሄድኩ። ሥዕሉን ከአልጋው ሥር ጎትቶ ዘረጋልኝ። እናቱ ናት፤ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ እንጀራ ትጋግራለች። ዓይኖቿ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ እንዳሉት መላእክት ትልልቅ ናቸው። እንፋሎቱን በነጭ ቀለም አልሠራውም፤ ጨርቁን ሳይቀባ ትቶታል። ጎንበስ ብዬ ደጋግሜ አየሁት።

«እርስዎ ያድርሱልኝ» አለ። እጄን ዘርግቼ ነበር፤ መልሼ ሰበሰብኩት። እኔ አድርሼለት ቢመረጥ ወሬው እውነት ሆነ ማለት ነው። እሱም ዕድሜውን ሙሉ በሰው እንደገባ እያሰበ ይኖራል። «ራስህ ስጣቸው» አልኩት። ፊቱ ጥቁር አለ። እምቢ ያልኩት መሰለው። ቦታውንና ሰዓቱን በወረቀት ጻፍኩለት። ቡናውን መለስኩ፤ እናቱ ከዚያው ላይ ቆልታ እስከ ሦስተኛው አጠጣችን።

ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ትናንት ጠየቅኩ፤ እስካሁን አላስገባም። ልጄ፣ ይሄን እየሰማህ ከሆነ፣ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው።