ሠላሳ ሰባት ተኩል

እሺ… ዛሬ ስለ አሮጌ ሪሲቨር (ሬዲዮና አምፕሊፋየር ባንድ ላይ ያለበት ዕቃ) አመራረጥ ነበር ላወራ ያሰብኩት። አወራለሁም። ግን የሜሪላንዱ ወንድማችን ጥያቄ ከመጣ ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል፤ መጀመሪያ እሱን ካልተናገርኩት ሌላውን በቅጡ ማውራት አልችልም።

ጥያቄውን ታስታውሳላችሁ። አባቱ አዲስ አበባ ናቸው። ሸክላዎቻቸውን እስካሁን አስቀምጠዋል፣ ባለ 45 ዙር ትንንሾቹን፣ የአምሃ፣ የካይፋ፣ የፊሊፕስ ኩባንያዎች ያወጧቸውን። እሱ ደግሞ አንድ የሰባዎቹን (በፈረንጆቹ) ሪሲቨርና አንድ ማጫወቻ ከዚያው ከአሜሪካ ገዝቶ ሊልክላቸው ነው። "ስንት ዋት ይበቃቸዋል?" ነው ያለው።

ያቺን የዋት ነገር ታውቋታላችሁ፣ ዛሬ አላንዛዛትም። ለአንድ ሳሎን በቻናል (ለግራው ወይም ለቀኙ ስፒከር ለየብቻ) 30 ዋት ይበቃል፤ ይተርፋልም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ የአሜሪካ መንግሥት በፈረንጆቹ 1974 ደንብ አውጥቶ፣ አምራቾች ሁለቱም ቻናል አብሮ እየሠራ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ዋት እንዲጽፉ አስገድዷል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ በወጣ ሪሲቨር ላይ 30 የተባለው እውነትም 30 ነው። ፓዮኒር ኤስኤክስ-1250 በቻናል 160 ዋት ነው፣ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። ቆንጆ ዕቃ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን 30 ኪሎ ብረት በአውሮፕላን ማን ይልካል? እንለፈው።

እኔን የያዘኝ ማጫወቻው ነው።

አስቡት። ዕቃው ደረሰ፣ ከካርቶን ወጣ። 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ተገዝቷል፤ ሁሉም ነገር በጥንቃቄ ነው የተደረገው። ሸክላው ተቀመጠ፣ ክንዱ ቀስ ብሎ ወረደ፣ መርፌው ትንሽ ተንጫጫ፣ ዘፈኑ ጀመረ። ሳክስፎኑ ወፍራም ነው። ከበሮው ይዘገያል። የዘፋኙ ድምፅ ከሆድ የሚወጣ፣ የከበደ፣ ያዘነ። ቤተሰቡ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከልጆቹ አንዱ "የድሮ ዘፈን እኮ እንዲህ ነው" ይላል።

አይደለም! እንዲህ አይደለም።

ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ነው የሚያወርደው፤ ሄርዙን (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) አይነካም። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው፣ የእኛ 50። በዘመኑ ብዙዎቹ የቺንጊያ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ሄርዝ ነው። ለ60 የተሠራው 50 ሲያገኝ ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይዞራል። 45 የነበረው 37 ተኩል ይሆናል። 33ቱ ወደ 28 ይጠጋል። የሦስት ደቂቃ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል፤ ድምፁም ከሦስት ግማሽ ቶን ትንሽ በላይ ይወርዳል። ክራር የሚቃኝ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ቅኝቱ ያው ነው፣ ዘፋኙ ግን ሌላ ሰው ሆኗል።

ወደዚያች ቅጽበት ልመለስ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የሚያስጨንቀኝ ምን መሰላችሁ፣ ምንም ዓይነት የብልሽት ምልክት የለም። ጭስ የለም። የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ስፒከሩ አያጉረመርምም። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ልጆቹ ትክክለኛውን ሰምተው ስለማያውቁ የሚያነጻጽሩበት የላቸውም። የሚያውቁት አባትየው ናቸው፣ በወጣትነታቸው በዚያው ሸክላ ጨፍረዋል። እሳቸው ደግሞ… "ጆሮዬ ነው ያረጀው" የሚሉ ይመስለኛል። ልጃቸው ከባሕር ማዶ የላከውን ዕቃ "ተሳስቷል" አይሉም። ይህቺ ናት ዕረፍት የነሳችኝ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከሸክላው ጠርዝ ሥር ትንሽ ወረቀት ጫፏ ወጣ እንዲል አድርጋችሁ ሻጡት፣ በስልክ ሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ወረቀቷ በፊታችሁ ባለፈች ቁጥር ቁጠሩ። 45 ከሞላ ጤና ነው። 37 ወይም 38 ላይ ደቂቃው ካለቀ ያው የሄርዙ ጣጣ ነው። መፍትሔው ለ50 ሄርዝ የተሠራ ፑሊ (ሞተሩ ላይ ቺንጊያው የሚዞርበት) ነው፤ ከ60ው በውፍረት ይበልጣል፣ ለአንዳንድ ሞዴል ይገኛል፣ ለአንዳንዱ ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ነው። ከዚያ የሚሻለው ከመጀመሪያው በዲሲ ሞተር ወይም በኳርትዝ የሚሠራ፣ ፍጥነቱን ከመብራቱ የማይወስድ መግዛት ነው። ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2ን የመሰለ ሄርዙ አይመለከተውም፣ ቮልቱን ብቻ አስተካክሉለት። ከጀርመን ወደ ሜሪላንድ የምትወስዱም ተጠንቀቁ፤ እዚያ ደግሞ 45ቱ 54 ይሆንና ዘፋኙ ይጣደፋል።

እና… ሪሲቨሩ። አዎ፣ ሪሲቨሩ።

ሪሲቨሩ በሄርዝ አይዘገይም፣ ውስጡ ወደ ዲሲ ነው የሚለውጠው። ግን "60 ሄርዝ" ብቻ የተጻፈበት ሪሲቨር፣ የውስጡ ትራንስፎርመር 50 ላይ ይበልጥ ይሞቃል፣ አንዳንዴም ራሱ ብረቱ ያጉረመርማል። "50/60" የሚለውን ፈልጉ። ሻጩ የፊቱን ፎቶ ሳይሆን ቮልቱና ሄርዙ የተጻፈበትን የጀርባውን ሳህን አንሥቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ለውጭ ገበያ የወጡት ሳንሱዮች፣ ማራንዞች፣ ፓዮኒሮች ብዙ ጊዜ ጀርባቸው ላይ 110፣ 120፣ 220፣ 240 የሚል መምረጫ አላቸው። እሱ ከተገኘ ትራንስፎርመርም አያስፈልግ። 220 ላይ ስታደርጉት ፊውዙንም ቀይሩ፤ በ120 የ5 አምፔር የነበረው በ220 የ2 ተኩል ነው የሚሆነው። ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ከዚያ ፊውዙ መጠበቁን ያቆማል። ከጀርባ ያሉት ትርፍ ሶኬቶችም ከግድግዳው የገባውን ነው የሚያወጡት፣ ስለዚህ የ120 ማጫወቻ እዚያ መሰካት ማቃጠል ነው።

120 ብቻ ከሆነ ሳህኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አይታችሁ እጥፉን የሚችል ትራንስፎርመር ግዙ። 200 ዋት ካለ 400 ወይም 500 ቪኤ (ቮልት-አምፔር)። ከትራንስፎርመሩ በፊት ስታቢላይዘር ይኑር፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሲጠፋ ሪሲቨሩን አጥፉት፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ።

ከጃፓን ከራሷ ገበያ የሚመጡም አሉ፣ ንጹሕና ርካሽ። እነሱ 100 ቮልት ናቸው፣ በ120 ትራንስፎርመር ላይ ይጎዳሉ። በዚያ ላይ ኤፍኤማቸው ከ76 እስከ 90 ነው። አባት ሸገር 102.1ን ፈልገው ቢያዞሩ፣ የጣቢያ መጠቆሚያው 90 ላይ ደርሶ ያልቃል። ለሸክላ ብቻ ከሆነ ግድ የለም፣ ግን ሬዲዮ የማይዝ ሪሲቨር ለአባት… አላውቅም፣ ቅር ይላል።

አሁን ዋናው። የእኛ ሸክላዎች፣ አምሃ ሪከርድስ ከጀመረበት ከፈረንጆቹ 1969 ወዲህ የወጡት ትንንሾቹ፣ ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው። ስለዚህ ከዋቱ በፊት "ሞኖ" የሚል ቁልፍ ፈልጉ። በሞኖ ሸክላ ላይ ዘፈኑ የሚገኘው መርፌው ወደ ጎን ሲወዛወዝ ነው። አቧራውና ጭረቱ ወደ ላይና ወደ ታችም ያናውጠዋል፤ ያ ከላይ ወደ ታች ያለው በግራና በቀኝ ቻናል ተቃራኒ ሆኖ ይወጣል፣ ሞኖ ስትጫኑ ሁለቱ ተደምረው ይጠፋፋሉ። ጩኸቱ በአንዴ ሲቀንስ ዘፋኙ ከመሐል ይወጣል። በአንዳንድ ሪሲቨር ግን ቁልፉ ለኤፍኤም ብቻ ነው። ስቴሪዮ ሸክላ አስቀምጡና ተጫኑት፤ ግራና ቀኙ መሐል ካልተሰበሰበ ለፎኖ (ለሸክላ ማጫወቻው መግቢያ) አይሠራም ማለት ነው።

የፎኖ መግቢያው 47 ኪሎ ኦም ነው፣ ወደ 2 ተኩል ሚሊቮልት ይበቃዋል፤ ማንኛውም የተለመደ ኤምኤም ካርትሪጅ (መርፌዋን የሚይዘው ክፍል) ይሄዳል። የማጫወቻውን ቀጭን ሽቦ ጂኤንዲ የሚለው ብሎን ላይ እሰሩ፣ አለዚያ ስፒከሩ ያጉረመርማል። ማጫወቻው የራሱ ፕሪአምፕ (ደካማውን ድምፅ አስቀድሞ የሚያጎላ) ካለው አጥፉት ወይም ኦክስ የሚለው መግቢያ ላይ ሰኩት፤ ፎኖ ላይ ከሰካችሁት ሁለት ጊዜ ያጎላውና ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ባሱም ከልክ ያልፋል። ድምፅ ጭራሽ እምቢ ካለ ከመፍታታችሁ በፊት "ቴፕ ሞኒተር" የሚለው ቁልፍ ተጭኖ እንደሆነ እዩ። ከጀርባ "ፕሪ አውት"ንና "ሜን ኢን"ን የሚያገናኙት የዩ ቅርጽ ያላቸው ሽቦዎች ወልቀው ወይም ዝገው እንደሆነም እዩ። ስንቱ ደህና ሪሲቨር በነዚህ ሁለት ምክንያት "ተበላሽቷል" ተብሎ ተሽጧል።

ብዙ ዓመት ያልተሰካ ከሆነ በቀጥታ አትሰኩት። 100 ዋት የድሮውን አምፖል፣ ኤልኢዲ ያልሆነውን፣ በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገቡ። ስታበሩት አምፖሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፣ አጥፉ። ከዚያ ያለ አምፖሉ፣ ስፒከር ሳታያይዙ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ሪሌው (ስፒከሩን የሚያገናኘው ማብሪያ) "ቀጭ" ሲል ስሙ። ሩብ ሰዓት አሙቁትና በስፒከሩ ተርሚናል ላይ በቴስተር ዲሲ ለኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ጥሩ፤ ከ100 በላይ ከሆነ ስፒከራችሁን አታያይዙ። ማራንዝ 2230 ሪሌ የለውም፣ መውጫው ላይ ካፓሲተር አለው፤ "ቀጭ" አላለም ብላችሁ አትደንግጡ። ፓዮኒር ኤስኤክስ-780 ደግሞ ኃይሉን የሚሰጠው ኤስቲኬ የሚባል ጥቅል ነው፣ ከተቃጠለ ትክክለኛውን ማግኘት ጣር ነው፣ ገበያው በሐሰተኛ ተሞልቷል። እኔ ለአዲስ አበባ አልልከውም።

አንዱ ቻናል ጠፍቶ ድምፅ ስትጨምሩ የሚመለስ ከሆነ የሪሌው መገናኛ ነው የዛገው። ማዞሪያው የሚንጫጫ ከሆነ የኮንታክት ማጽጃ ይበቃዋል፤ ደብልዩዲ-40 አይደለም፣ እባካችሁ። ድምፁን ዜሮ አድርጋችሁም የሚንጫጫ ከሆነ ግን ነገሩ ከማዞሪያው በኋላ ነው፣ ያረጀ ትራንዚስተር ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ያረጁት ካፓሲተሮቹ… እዚህ ጋ ነው የማልቆርጠው። ሜሪላንድ እያለ ሁሉንም አስቀይሮ ይላክ? ባለሙያ ሲነካካው ሌላ ነገር ይፈታል፣ ክፍያውም ከሪሲቨሩ ዋጋ ይበልጣል። እንዳለ ይላክ? መርካቶ እጃቸው የተባረከ ሰዎች አሉ፣ ግን ጥሩ ካፓሲተር ከየት ያመጣሉ? መሐሉ፣ የፓወር ሰፕላዩንና የፎኖውን ብቻ ቀይሮ ትርፍ ካፓሲተር በፖስታ አብሮ መላክ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው የምለው። ወይ ደግሞ አውሮፓ ያለ ዘመድ ካለው 220ውን ከዚያ… ያማሃ ሲአር-620ን የመሰለ። እሱ ላውድነሱ ቀስ በቀስ የሚዞር ነው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ድምፅ ቀንሰው ሲሰሙ ባሱ አይጠፋባቸውም። ማጫወቻውም ከዚያው ከሆነ ሄርዙ አብሮ ይፈታል። ግን አባትየው ኮንዶሚኒየም ይሁኑ ግቢ ቤት አልነገረንም… ካርትሪጁንም አልነገረን። መርፌውስ? የመርፌው ነገር ራሱ…