የከረረ ፈትል

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የሚሰማችሁ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብል ደግሞ መስከረም ይጠባል፤ ታገሡኝ። የማወራውም ቢሆን ስለ ውሃ ነው።

ጭኔ ላይ አንድ ሻርፕ አለ። መሃሉ ተሸብሽቦ ጠቧል። ጥለቱ ያለበት ሁለቱ ጫፍ ግን እንደ ሽንሽን ቀሚስ ዘርፈፍ ብሎ ሰፍቷል። ከሸማኔው ስረከበው ልሙጥ ነበር፣ ወርዱም 60 ሳንቲሜትር። ቅድም ስለካው 37 ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ያረፈች ሰሞን ከአልጋዋ ስር በፌስታል የተቋጠረ አራት ልቃቂት ተገኘ። ለማን እንደፈተለችው የሚያውቅ የለም። ለጋቢ አይበቃም፣ ለመጣልም አንጀት አይሰጥም። ይዤው ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ሸማኔው ከአንዱ ልቃቂት ክንድ ያህል ሳቡና ለቀቅ አደረጉት። ክሩ እዚያው አየር ላይ ራሱን በራሱ ጠመጠመ።

«ይሄ ከርሯል ልጄ» አሉኝ። «ለማግ ያስቸግራል።»

«የአያቴ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ምንም አላሉም። ድሩን፣ ማለት በቁመት የሚወጠረውን፣ በፋብሪካ ክር አዳውረው ሦስቱን ልቃቂት በማግነት፣ ማለት በወርድ እያስገቡ፣ ጨረሱት።

ቤት ስገባ ሳፋ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ አድርጌ ነከርኩት። ዓይኔ እያየ ተኮማተረ። በማግስቱ እርጥቡን ይዤ ሄጄ ያላልኳቸው የለም። አጭበረበሩኝ ሁሉ ብያለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴን ይሞቀኛል። እሳቸው «ነግሬሽ ነበር» ብቻ ብለው መወርወሪያቸውን አነሱ።

የሆነው ምንድን ነው? ባዘቶው በእንዝርት ሲፈተል፣ እንዝርቱ በዞረ ቁጥር ክሩ ይከራል። ሲበዛበት ልፍታ፣ ልጠምጠም ይላል። ሸማ ውስጥ ሲገባ ግን ድሩ ተወጥሮ ግራና ቀኝ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ውሃ ሲነካው ጥጡ ያብጣል፣ ክሩ ይወፍራል፣ የታፈነው ጉልበት ይነሳል፤ ማጉ እየተጠቀለለ ሲያጥር ድሩንም አብሮ ይጎትታል። ወርዱ ጠብቦ ቁመቱ ብዙም ያልተነካው ለዚህ ነው። ጥለቱ የተሠራበት ክር ደግሞ ልል ነው፣ የሚያሳጥረው ነገር የለም፤ እንደነበረ ቀረ። ጨርቁ ጥቅጥቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ማጉ መንቀሳቀሻ አጥቶ እንደታፈነ ይቀር ነበር። የኛ ሸማ ግን ሳሳ ያለ ነው፣ ቦታ ሰጠው።

በካውያ ልሙጥ ይሆናል፣ ሞክሬዋለሁ። አንድ ቀን ተኩሼው ልቅሶ ልደርስ ወጣሁ። መንገድ ላይ ካፊያ ያዘኝ። ድንኳኑ ስር ስደርስ ትከሻዬ ላይ ያለው ተሸብሽቦ፣ ደረቴ ላይ ያለው ልሙጥ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ከለቀስተኞቹ ይልቅ እኔን ሲያዩ አመሹ።

«ሲከር ይበጠሳል» እንላለን አይደል? ከመበጠሱ በፊት ያለችውን ቦታ ግን ሆን ብለው የሚፈልጓት ሰዎች አሉ። ጃፓን ውስጥ ታንጎ በሚባል አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1720 ጀምሮ ችሪመን የሚሉትን ሐር ይሸምናሉ። ማጉን በአንድ ሜትር 3000 ጊዜ ያህል ያከሩታል። ከመሸመኛው ልሙጥ ሆኖ ይወጣና፣ ተቀቅሎ ሙጫው ሲለቅ ይሸበሸባል። እዚያው ጃፓን ኦጂያ በሚባል ቦታ ደግሞ ራሚ ከሚባል ተክል ልጥ የሚፈተል ጨርቅ አለ፤ በሙቅ ውሃ አሽተው ሽብሽቡን ያወጡና በረዶ ላይ ዘርግተው ያነጡታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 መዝግቦታል። ለሽብሽቡም ሺቦ የሚል ስም አላቸው። እኔ ሳፋው ላይ ቆሜ የነበረኝ ቃል «ተበላሸ» ነበር።

ደሞ አንድ የሚከነክነኝ ነገር። እኛ ዘንድ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሆኖ ኖሯል። ሸማው ሲያምር «ማን ሸመነው?» እንጂ «ማን ፈተለው?» ሲባል ብዙም አልሰማሁም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባልም የሚመሰገነው ድሩ ነው። ይሄን ሻርፕ እንዲህ ያደረገችው ግን አያቴ ናት።

እናቴን ጠየቅኳት። የድሮ ፈትሏ ልል ነበር አለችኝ፤ ጋቢዎቿ እስካሁን ለስላሳ ናቸው። እነዚህ አራቱ ዓይኗ ከደከመ በኋላ የፈተለቻቸው ናቸው። ክሩን ማየት ስላቃታት በጣቷ እየዳሰሰች፣ ጠንክሯል ብላ እስክታምን እንዝርቷን ደጋግማ ታሾረዋለች። ከሌላው ክፍል የእንዝርቷን ድምፅ እየሰማሁ እተኛ ነበር፤ ለምን እንደቆየ አልጠየቅኳትም።

ባለፈው ሳምንት ሽሮ ሜዳ ተመለስኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅ። ሻርፑን አንገቴ ላይ ሲያዩት «ስጪኝ እስቲ» አሉ። መሃሉን በጣታቸው ውሃ ነክተው አረጠቡት፣ ወጠሩት፣ ለቀቁት። ተሰበሰበ። እንደገና ወጠሩት።

«ስንት ልቃቂት ቀረሽ?»

«አንድ» አልኳቸው።

«አምጪው። ድሩን አራርቄ ልሞክረው።»