ሆምብሪው ስለናንተ ምንድነው ሚቆጥረው?

ሰላም ናችሁ! ማክ ላይ ኮድ ምትጽፉ ከሆነ ሆምብሪው ሚባለውን የፕሮግራም መጫኛ ሳታውቁት አትቀሩም፣ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ ሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፍታችሁ ብሪው ኢንስቶል ብላችሁ የፓኬጁን፣ ማለትም ምትፈልጉትን ፕሮግራም ስም መጻፍ ነው፣ ሌላውን እሱ ይጨርሰዋል። ግን ካላጠፋችሁት በቀር ምን እንደጫናችሁም ለፕሮጀክቱ ይልካል፣ ዛሬ እሱን ነው ምናየው።

[ስክሪን ላይ፦ ተርሚናል]

ለምን ይልካል? ሆምብሪውን ሚይዙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ፓኬጁ ደሞ በሺዎች ነው፣ የቱ ቶሎ ይጠገን የቱ ይውጣ ሚለውን በግምት መወሰን ይከብዳል። ስለዚህ የፓኬጁን ስም፣ የኦኤሱን ቨርዥን፣ ቢልድ ሲደረግ፣ ማለትም ከኮዱ ሲገነባ፣ ፌል ያረገውን ምናምን ይሰበስባሉ።

አቆጣጠሩ ላይ በጣም ምወደው ነገር አለ። ኦፕን ኤስኤስኤል ሚባለውን የኢንክሪፕሽን ፓኬጅ እዩት፣ ብዙ ፓኬጅ ያለሱ ስለማይሰራ እናንተ ሳትጠሩት አብሮ ይገባል፣ አንድ እንግዳ ጋብዛችሁ ከነዘመዶቹ ሲመጣ በሉት። የተጫነውን ሁሉ ደምራችሁ ብታዩ ሰው ሁሉ ፈልጎት የጫነው ነው ሚመስላችሁ! ለዛ ነው ሁለት ቆጠራ ያላቸው፣ አንዱ በየትኛውም መንገድ የገባውን፣ ሌላው ሰው ራሱ ስሙን ጽፎ ያስገባውን ብቻ። ሰዉ ምን እንደሚፈልግ ሚያሳያችሁ ሁለተኛው ነው።

[ስክሪን ላይ፦ 2016]

ይሄ ነገር በ2016 ሲጀመር ጉግል አናሊቲክስ በሚባለው የጉግል መቁጠሪያ ነበር፣ በዲፎልት፣ ማለትም እናንተ ሳትነኩት፣ በርቶ፣ ለእያንዳንዱ ኢንስታሌሽን የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ብዙ ዩዘርም ተቆጣ፣ መቆጣታቸውም ልክ ነበር። በ2023 ዳታውን አውሮፓ ህብረት ውስጥ ወዳለ ኢንፍለክስዲቢ ሚባል ዳታቤዝ አዞሩት፣ መለያ ቁጥሩም ቀረ። ትልቅ ለውጥ ነው፣ ግን ዲፎልቱ አሁንም እንደበራ ነው። መጀመሪያ ስታስነሱት ማስታወቂያ ያወጣል፣ ከዛ በፊት ምንም አይልክም፣ ግን ተርሚናል ላይ ሽው ብሎ ሚያልፍ ጽሁፍ ማን ያነባል?

ዴቢያን ሚባለው ሊኑክስ ጋ ስትሄዱ ሌላ ነው። ፖፑላሪቲ ኮንቴስት ሚባል ፓኬጅ አላቸው፣ ሲስተሙን ስትጭኑ ትሳተፋላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት መልሱ አይ ነው። ሚቆጠረው እሺ ያለው ሰው ብቻ ስለሆነ ዳታው ጎዶሎ ነው፣ እሱ እውነት ነው፣ እኔ ግን ተጠይቆ የተሰጠ ጎዶሎ ቁጥር ይሻለኛል።

ሆምብሪውን አንድ ነገር ላይ ግን አደንቃለሁ፣ ውጤቱን አይደብቁም። የ30፣ የ90 እና የ365 ቀን ቁጥሩ ድረገጻቸው ላይ ለማንም ክፍት ነው፣ ገብታችሁ እዩት። አይ አልፈልግም ካላችሁ ብሪው አናሊቲክስ ኦፍ ብላችሁ ኢንተር ትጫናላችሁ፣ ብሪው አናሊቲክስ ብቻ ካላችሁት ደሞ በርቶ ይሁን ጠፍቶ ይነግራችኋል።