የብርቱካን ልጣጭና የአርኪሜዲስ መቃብር

ጤና ይስጥልኝ። የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ በዚህ ጠዋት ጣና ዳር ተቀምጣችሁ ስለ ሒሳብ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ተማሪ ሳለሁ የሉል ይዘት ፎርሙላ ሰሌዳ ላይ ተጻፈልን። አራት ሦስተኛ፣ ሲባዛ ፓይ፣ ሲባዛ የሬዲየስ ኩብ። "አራት ሦስተኛው ከየት መጣ?" ብዬ ጠየቅሁ። "ፈተና ላይ ይመጣል፣ ያዙት" ተባልን። ያዝኩት። ለፈተና ጠቀመኝ፤ ጥያቄው ግን ለዓመታት ሆዴ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ያንን ጥያቄ አብረን እንፍታው።

አንዲት ኳስ አስቡ። ኳሷ ልክክ ብላ የምትገባበት ጣሳም አስቡ። ወርዱም ቁመቱም ከኳሷ ጋር እኩል ነው። ቤት ውስጥ የቧንቧ ቱቦ ቆርጣችሁ፣ ታቹን ደፍናችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ውሃው መውጫ እንዲያገኝ ብቻ ለፀጉር ያህል ሰፋ ይበል። ጣሳውን እስከ አፉ ሙሉት። ኳሷን ቀስ እያላችሁ እስከ ታች ግፏት። ከሦስት እጅ ውሃ ሁለቱ እጅ ይፈሳል፣ አንዱ ይቀራል። የቴኒስ ኳስም ብትሆን፣ እግር ኳስም ብትሆን ያው ነው።

ዘጌ ሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያያችሁ ክቡን ግድግዳና ሾጣጣውን ጣሪያ ታስታውሳላችሁ። በዚያው ጣሳ ልክ አንድ ሾጣጣ ብንሠራ፣ የጣሳውን አንድ ሦስተኛ ይይዛል። እንግዲህ ሾጣጣው አንድ፣ ኳሷ ሁለት፣ ጣሳው ሦስት። እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቁጥር ሳይ እስከ ዛሬ ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

ኳሷ የጣሳውን ሁለት ሦስተኛ እንደምትይዝ መጀመሪያ ያረጋገጠው በሲሲሊ ደሴት፣ በሲራኩስ ከተማ የኖረው ግሪካዊው አርኪሜዲስ ነው። የጦር መሣሪያ ሠርቷል፣ የውሃ ነገር መርምሯል። መቃብሩ ላይ እንዲቀመጥ የፈለገው ግን ሉልና ሲሊንደር፣ ማለትም ኳሷና ጣሳው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ212 የሮም ወታደር ገደለው። ከ137 ዓመት በኋላ ሲሴሮ የሚባል ሮማዊ ሹም ሲሲሊ ላይ መቃብሩን ሲፈልግ፣ የከተማው ሰዎች ራሳቸው ረስተውታል። እሾህና ቁጥቋጦ ውጦት ነበር። ሲሴሮ ያወቀው ከቁጥቋጦው ብቅ ባለች ትንሽ ዓምድ ነው፤ ላይዋ ላይ ሉልና ሲሊንደር ነበሩ።

አሁን ወደ ብርቱካን እንምጣ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ድቡልቡል ብርቱካን ውሰዱና እንደ ዳቦ ከዳር እስከ ዳር፣ የቁራጮቹን ውፍረት እኩል አድርጋችሁ ቁረጡት። የመሃሉ ቁራጭ ሰፊ ነው፣ የዳሩ ጠባብ። የዳሩ የደረሰው ልጅ የሚበላው ትንሽ ነው። ልጣጩ ግን እኩል ነው! ወደ ዳር ስንሄድ ዙሪያው ያጥራል፤ ልጣጩ ደግሞ ይጋደማል፣ ሲጋደም ይሰፋል። ያጠረው በሰፋው ልክ ይካካሳል፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ። ስለዚህ የብርቱካኑ ልጣጭ በሙሉ ከጣሳው የጎን ቆርቆሮ ጋር እኩል ነው። ይህም ብርቱካኑን ለሁለት ስትከፍሉት የምታዩት ክብ አራት እጥፍ ማለት ነው።

አራቱ ተገኘ። ሦስቱስ? ኳሷን ከመሃሏ እስከ ልጣጯ በሚደርሱ ብዙ ቀጫጭን ሾጣጦች ከፋፍሏት። የእያንዳንዱ ይዘት የመቀመጫው ስፋት ሲባዛ በቁመቱ፣ ሲካፈል ለሦስት ነው። ቁመታቸው ሬዲየሱ ነው። መቀመጫቸው ሲደመር ልጣጩ ነው። አራት ሦስተኛው የመጣው ከዚህ ነው።

ምድርም ከሞላ ጎደል ሉል ናት። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። እስከ ዋልታው 90 ዲግሪ ስላለ፣ ከወገቧ እስከ እኛ ያለው መሬትና ባሕር ትንሽ ይመስላል። በብርቱካኑ ሕግ ግን የሚቆጠረው ዲግሪው ሳይሆን የቁራጩ ውፍረት ነው። የምድር ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እኛ ምድርን በወገቧ ከሚቆርጣት ጠለል ወደ ዋልታው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ሲለካ 1,280 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነን። ስለዚህ ከወገቧ እስከ ባሕር ዳር ያለው መቀነት የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ አንድ አምስተኛ ነው። አባይን ተከትላችሁ 30 ዲግሪ ላይ ካይሮ ስትደርሱ ደግሞ ልክ ግማሹን ጨርሳችኋል። ከካይሮ እስከ ዋልታው ያለው፣ አውሮፓን ሁሉ ጨምሮ፣ ሌላው ግማሽ ነው። በየክፍሉ ግድግዳ የተሰቀለው ካርታ ብዙውን ጊዜ ሰሜኑን እየለጠጠ ስለሚያሳይ ይህን አያስጠረጥርም።

ከኋላችሁ ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን፣ ቢላዋና የተቆረጠ ቱቦ አዘጋጅተናል። ወላጆች፣ እባካችሁ ልጆቹን በመቁረጡ አግዟቸው። ውሃውን ከሐይቁ የሚቀዱ ሁለት ልጆች ይምጡልኝ።

አመሰግናለሁ።