ሰኮናው ተቆርጦ የሚያነክስ ፈረስ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምደውለው ከደብረ ብርሃን ነው፤ የምተዳደረው በጋሪ ነው። የፈረሴ ሰኮና ረዝሞ ስለነበር ባለፈው ሳምንት አስቆረጥኩት። አራት ቀን ደህና ሠራ። በአምስተኛው ቀን ግን የፊት ቀኝ እግሩን መሬት ማስነካት አቃተው። ጎረቤቶቼ ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ይየው ይላሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ከጋሪው ይፍቱት። የዕለት ገቢዎ እንደሚቀር አይጠፋኝም፤ ቢሆንም በዚህ እግር አንድ ቀን የሠራ ፈረስ ሳምንታት ሊተኛብዎ ይችላል።

ወለምታ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ፈረስ ባነከሰ ቁጥር ሰው ትከሻውን ያሻል፤ ሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰኮናው ውስጥ ነው። ቀኑን መንገርዎ ጠቅሞኛል። ሰኮናው ከልክ በላይ አጥሮ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ፣ ያውም ብዙ ጊዜ በሁለቱም የፊት እግሮቹ፣ ጠጠር ላይ እየሳሳ ይረግጥ ነበር። ደህና ሰንብቶ ድንገት አንድ እግሩን ማንሣቱ መግል መቋጠሩን ያስጠረጥራል። ቢላዋ ባሳሳው ቦታ ጭቃና ፋንድያ ይገባል፤ ሰኮና ደግሞ ደረቅ ስለሆነ አብጦ ቦታ አይለቅም፤ መግሉ መውጫ አጥቶ ውስጥ ውስጡን ይጫናል። ፈረሱ እግሩ የተሰበረ እስኪመስል የሚያነክሰው ለዚህ ነው።

ሁለቱን የፊት ሰኮናዎች በየተራ በመዳፍዎ ይዳስሱ፤ የታመመው ይሞቃል። ከዚያ ጣቶችዎን ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ፣ በግራና በቀኝ ያሳርፉ። በጤነኛው እግር የደም ምቱን ፈልገው ነው የሚያገኙት፤ በታመመው ግን ጣትዎን ይመታል። ሰኮናውን አንሥተው፣ ጠርገው፣ ጥቁር ነጥብ ወይም ስንጥቅ ይፈልጉ። የተሰካ ምስማር ካዩ አይንቀሉት፤ የት ድረስና ወዴት እንደገባ ሐኪሙ ማየት አለበት። እስኪመጣ ፈረሱ ረግጦት ወደ ውስጥ እንዳይገፋው ይጠብቁ።

መግሉን ከፍቶ ማውጣት የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ምስማር ከሌለ፣ ሐኪሙ እስኪደርስ በንጹሕ ባልዲ ለብ ያለ የጨው ውኃ አድርገው ለ20 ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉት፤ አድርቀው በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉ፤ በላዩ ወፍራም ላስቲክ አልብሰው ደረቅ ቦታ ያቁሙት። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ ውኃ፣ የጋለ ብረት አጠገቡ እንዳይደርስ! በእነዚህ “ሕክምናዎች” ከቁስሉ ይልቅ የተጎዱ ፈረሶች ብዙ ናቸው።

ሐኪሙን ስለ ቴታነስ መከላከያም ይጠይቁት። ፈረስ ለዚህ በሽታ እጅግ ተጋላጭ ነው፤ ተሕዋሲው ደግሞ አፈርና ፋንድያ ውስጥ ይኖራል። ሰውነቱ ከደረቀ፣ ጆሮው ከተገተረ፣ ከዓይኑ ውስጠኛ ጥግ ስስ ሽፋን ብቅ ካለ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ቆራጩ “አሳጥሬ ከቆረጥኩት ቶሎ አይመለስም” ብሎ በማጭድ በጣም ዝቅ አደረገው። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሰኮና በወር አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በአንድ ቀን የተወሰደበትን ለመተካት ወራት ይፈጅበታል። በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ በጥቂቱ መቁረጥና በሞረድ ማስተካከል ይበጃል። አስፋልት ላይ የሚውል ፈረስማ ራሱ ስለሚበላው የሚቆረጥለት ከዚያም ያንሳል። አሁን የሰኮናውን ሥር በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉት፤ እሺ ብሎ ከጎበጠ ሳስቷል ማለት ነው፤ እስኪጠነክር ከኮረትና ከጠጠር ያርቁት። ማጭዱን ደግሞ ለሣሩ ይተውለት።

ጥያቄ፦ የእኔ ፈረስ ከተቆረጠ ወር አልፎታል። ትናንት ሌሊት ገመዱን በጥሶ የገብስ ጆንያ ዘረገፈ፤ ዛሬ ሁለቱን የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ ኋላ ተደግፎ ቆሟል።

መልስ፦ ይህ ከቆራጩ ጋር አይገናኝም፤ የገብሱ ጣጣ ነው። እህል ሲበዛበት ሰኮናውን ከውስጥ አጥንት ጋር የሚያያዘው ክፍል ይቆጣል፤ ከቆየ አጥንቱ ከቦታው ይለቃል። እህሉን ያንሡ፤ ድርቆሽና ውኃ ብቻ ይስጡት፤ በእግሩ አያስኪዱት። ሐኪሙን ዛሬውኑ እቤት ድረስ ያምጡት።