ክረምት ላይ ወንዝ አፍ አትጣሉ፦ ከድሬ ወደ ጣና መንጠቆ ይዛችሁ ለምትሄዱ

(ምስል፦ ደቻቱ በበጋ። ደረቅ አሸዋ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።)

ይሄ ደቻቱ ነው። የድሬ ልጅ ወንዝ ሲባል መጀመሪያ ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ይሄ አሸዋ ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ሳይታሰብ ሞልቶ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ያደረሰውን ጥፋት የድሬ ሰው አይረሳውም። ለእኛ የክረምት ወንዝ የሚያስፈራ ነገር ነው።

ለጣና ዓሣ ወንዙ ሲሞላ መንገድ ተከፈተለት ማለት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ መንገድ ነው።

ነገሩ የመጣው ከጓደኞቼ ነው። ሰሞኑን የማጥመጃ ዘንግ ገዙ። ናይለን ክር፣ መንጠቆ፣ ሁሉንም አሟልተው ከዚራ አንድ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ሁለቱ አስተማሪዎች ናቸው፤ እረፍታቸው ክረምት ነው። «ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር እንሄዳለን፣ ወንዝ አፍ ላይ ጣሉ ተብለናል፣ ዓሣው እዚያ ይበዛል» አሉኝ። መብዛቱ እውነት ነው። ለምን እንደሚበዛ ግን የነገራቸው የለም።

(ምስል፦ ካርታ። ጣና በመሃል፣ ወንዞቹ በሰማያዊ ወደ ሐይቁ ይገባሉ።)

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ሲያዩት ባሕር ይመስላል እንጂ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ብዙ ትንንሽ ወንዞች ይገቡበታል። ዋናዎቹ አራት ናቸው፦ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይ ደግሞ ትንሽ ወረድ ብሎ ጢስ እሳት ላይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ያንን ፏፏቴ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ዓሣ የለም።

እንግዲህ ከፏፏቴው በላይ የቀረው ዓሣ ለብቻው ኖረ። ለብቻው ተባዛ። ባርበስ የምንለው ዓሣ ጣና ውስጥ ከ15 በላይ ዝርያ ሆኗል። አንዱ ትንሽ ዓሣ አሳድዶ ይበላል፣ አንዱ ከሥር ጭቃውን ይቆፍራል፣ የአንዱ ከንፈር ወፍራም ነው፣ የሌላው አፍ ወደ ላይ የዞረ ነው። አብዛኞቹ ከጣና ሌላ ቤት የላቸውም። ጣና ላይ ካለቁ አለቁ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ገሚሱ ያህል እንቁላሉን ሐይቁ ውስጥ አይጥልም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ወንዞቹ ይወጣል። መጀመሪያ ወንዙ ሐይቁን የሚነካበት ቦታ፣ ወንዝ አፍ የምንለው ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዋናው ወንዝ ወደ ገባሩ፣ ጠጠር ያለበት፣ ውሃው ጠራ ብሎ የሚፈስበት ቦታ ድረስ ይሄዳል። እንቁላሉን ጠጠሩ መሃል ይጥላል። ጭቃ ከሆነ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል።

አሁን የጓደኞቼን ምክር መልሳችሁ እዩት። ወንዝ አፍ ላይ ዓሣው የሚበዛው ሊወልድ ወረፋ ስለያዘ ነው። እዚያ መንጠቆ መጣል የማዋለጃ ክፍል በር ላይ ቆሞ እንደመጠበቅ ነው። በዚህ ቃል ነበር የነገርኳቸው፤ ዝም አሉ።

ይሄ የስሜት ወሬ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 እና በ2001 ያለውን አወዳድረው ነበር። በእነዚያ 10 ዓመታት የጣና ባርበስ በክብደት ሲለካ ሦስት አራተኛው ያህል ጠፍቶ ነው የተገኘው። ዋናው ምክንያት ሊራቡ የተሰበሰቡትን ወንዝ አፍ ላይ በመረብ ማፈስ ነው። ባርበስ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓሣ ነው። የዛሬውን ወላድ ካወጣችሁ ተተኪው በሚቀጥለው ዓመት አይደርስም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ፦ በመራቢያ ወቅት ወንዝም ወንዝ አፍም ላይ አይጣልም። በመረብም በመንጠቆም። «እኔ ለመዝናናት ነው፣ አንድ ሁለት ብቻ ነው የማወጣው» የሚል ሰው ይኖራል። ያቺ አንዷ በሆዷ ሺህ እንቁላሎች ይዛለች።

(ምስል፦ እጅ መዳፍ ላይ ያለ ዓሣ፣ ቅርብ።)

ቆረሶ (ቲላፒያ) ደግሞ ሌላ ነው። ወንዝ አይወጣም። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። አንድ ጊዜ ዝዋይ ዳር አብሮኝ የነበረ ልጅ አንዷን አወጣ። ጉሮሮዋ አብጧል። መንጠቆው የያዛት ጎኗ ላይ ነበር። ሊያላቅቃት ሲል አፏን ከፈተችና ቢጫ፣ የማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮች መዳፉ ላይ ተበተኑ። ልጁ የበላችውን የተፋች መሰለው። ልጆቿ ነበሩ። ወዲያው ብንመልሳትም እንቁላሎቹን ግን መልሰን አፏ ውስጥ ማስገባት አልቻልንም። ጉሮሮዋ ያበጠ ቆረሶ ካያችሁ ከውሃ አታውጧት። ክሩን እዚያው ቁረጡላት።

አምባዛ ክረምት ላይ ውሃ ያጥለቀለቀው ሜዳ ውስጥ ገብቶ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። ጣና ዳር ፎገራ ሜዳ ላይ ሣሩ መሃል ጀርባው እየታየ ሲሄድ በእጅ የሚያዝ ይመስላል። ተዉት፣ ይለፍ።

አሁን ስለ ሕጉ። የአገሪቱ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥሩ 315/1995 ነው። ዝርዝሩን ክልሎች ያወጡታል። ጣና የአማራ ክልል ነው፤ ሐረማያ ሐይቅ የኦሮሚያ ነው። አንዱ ጋ የተፈቀደ ሌላው ጋ ላይፈቀድ ይችላል። በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ ግን የትም ክልክል ነው።

መርዝ ስል ፋብሪካ የሠራው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጣና ገባሮች ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን የቆየ ልማድ ነው። ዓሣው ይሰክርና ይንሳፈፋል። ትልቁ ይለቀማል። ጫጩቱ ማንም ሳያየው እዚያው ያልቃል። አንድ ሰው «ባህላዊ ነው፣ ና ላሳይህ» ብሎ ቢጋብዛችሁ በትሕትና እምቢ በሉ።

(ምስል፦ ከድሬ ወደ ሐረር መንገድ፣ ሐረማያ ሐይቅ ከመኪና መስኮት።)

እዚህ ላይ ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። ከደንገጎ ወጥተን ወደ ሐረር ስንሄድ ሐረማያን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐረር ውሃዋን የምታገኘው ከዚያ ነበር። ዓሣም ነበረበት። ለከተማ ተሳበ፣ ለጫትና ለአትክልት ተሳበ፣ አፈሩ እየገባ ሞላው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ደረቀ፤ ከብት ይሄድበት ጀመር። በቅርብ ዓመታት ውሃው ሲመለስ የደስታችን ብዛት! እኔ ባየሁት ቁጥር አሁንም ልቤ ይሞላል።

ታዲያ ከጓደኞቼ አንዱ «ከዝዋይ የዓሣ ጫጩት በባልዲ አምጥተን ለምን አንጨምርበትም?» አለ። ሐሳቡ ከፍቅር ነው የመጣው፤ ይገባኛል። ግን አይደረግም። ዓሣን ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ያለ ፈቃድ ማዛወር ሕጉ አይፈቅድም፤ ምክንያትም አለው። ባልዲው ውስጥ ያላሰባችሁት ዝርያ ይኖራል፣ በሽታም ይኖራል። አንዴ ከገባ የሚያወጣው የለም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አጠገቡ ነው። መጠየቅ ያለባቸው ባለሙያዎች ከሐይቁ የእግር መንገድ ላይ አሉ፤ አቦ፣ ሄደን እንጠይቅ።

ለእምቦጭ አረምም ያው ነው። ጣናን ምን እንዳደረገው ሰምታችኋል። ከቁራጭ ግንዱ ሳይቀር ይባዛል። ከጣና ስትመለሱ ቦቲያችሁን፣ መረባችሁን፣ ባልዲያችሁን አራግፉ፣ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁ። ለዚህ የድሬ ፀሐይ አለችላችሁ።

(ምስል፦ ፒንሳ፣ መንጠቆ።)

ለመልቀቅ ለምታጠምዱ አንድ ሁለት ነገር። መንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቋት። ዓሣው ሳይቀደድ ይላቀቃል። ከመያዛችሁ በፊት እጃችሁን አርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ልጋጉን ይልጠዋል፣ ልጋጉ ደግሞ ቆዳውን ከበሽታ የሚጠብቅለት ነው። ፎቶ ከሆነ ስልኩ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ዓሣው ከዚያ በኋላ ይነሳ። ስትለቁት አትወርውሩት። ጭራው አካባቢ ደገፍ አድርጋችሁ ውሃ ውስጥ ያዙት። ሲበረታ ራሱ ይሄዳል።

ከመጣላችሁ በፊት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ። ፈቃድ፣ የዘንድሮው መዝጊያ ቀን፣ የተከለለ ቦታ፣ ሁሉንም እዚያ ጠይቁ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ያሉትን ዓሣ አጥማጆች አናግሩ። እነሱ እንጀራቸው ነው፤ እኛ ለጨዋታ ነው የሄድነው። ያሰሩት መረብ አጠገብ መጣል ነውር ነው። ጉማሬ የት እንደሚወጣም ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። ዳር ዳሩን በባዶ እግር አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ።

ጓደኞቼ ጉዟቸውን ከነሐሴ ወደ ኅዳር መጨረሻ አዛውረውታል። አስተማሪዎቹ ከሥራ የእረፍት ፈቃድ ማግኘት ከብዷቸው ነበር፤ አንዱ የአራት ቀን ሌላው የሦስት ቀን አገኙ። ፒንሳውን እኔ ነኝ የገዛሁላቸው።